ቅጣት ድንበር ሲሻገር፦ በውጭ አገር የተሰጠ የወንጀል ፍርድን ስለማስፈጸም

የዛሬው ርእሴ የአንድ አገር ፍርድ ቤት የወሰነው የወንጀል ቅጣት በሌላ አገር ማረሚያ ቤት እንዴት ሊፈጸም እንደሚችል ነው። ርእሱ ደረቅ መስሎ እንዳይታያችሁ ብዙዎቻችሁ በምታውቁት ሰው ልጀምር።

ብራዚላዊውን የእግር ኳስ ተጫዋች ሮቢንሆን በሪያል ማድሪድ፣ በማንችስተር ሲቲና በኤሲ ሚላን ማልያ የምታስታውሱት አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሚላን ከተማ ከሌሎች ወንዶች ጋር ሆኖ በአንዲት ወጣት ሴት ላይ አስገድዶ የመድፈር ወንጀል ፈጽሟል በሚል ክስ ቀርቦበት፣ በ2017 የጣሊያን ፍርድ ቤት የዘጠኝ ዓመት እስራት ፈረደበት። በጃንዋሪ 2022 የአገሪቱ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው። ፍርደኛው ግን በዚያን ጊዜ አገሩ ብራዚል ነበር። የብራዚል ሕገ መንግሥት ደግሞ በትውልድ ብራዚላዊ የሆነን ሰው ለሌላ አገር አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ጣሊያን ሰውየውን ጠየቀች፤ አላገኘችውም። ቀጥላ ያቀረበችው ጥያቄ የተለየ ነበር፦ ሰውየውን መስጠት ካልቻላችሁ ቅጣቱን እናንተው ፈጽሙልኝ የሚል። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2024 የብራዚል ከፍተኛ የፍትሕ ፍርድ ቤት ጥያቄውን በአብላጫ ድምፅ ተቀበለው፤ በማግስቱ ሮቢንሆ ታሰረ።

የብራዚሉ ፍርድ ቤት ያላደረገውን ልብ በሉ። ክሱን እንደገና አልሰማም። የግል ተበዳይዋ ከአሥር ዓመት በኋላ በባዕድ አገር ችሎት ቆማ የደረሰባትን ዳግም እንድትናገር አልተጠየቀችም። ፍርድ ቤቱ የመረመረው የጣሊያን ፍርድ ሥልጣን ባለው አካል የተሰጠና የመጨረሻ መሆኑን፣ ተከሳሹ የመከላከል ዕድል ማግኘቱን፣ ፍርዱም የብራዚልን መሠረታዊ የሕግ ሥርዓት የማይቃረን መሆኑን ነው። የተከላካዮቹ ዋና መከራከሪያ፣ እንዲህ ዓይነቱን አፈጻጸም የፈቀደው የብራዚል የስደት ሕግ የወጣው በ2017 ስለሆነ በ2013 ለተፈጸመ ድርጊት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሠራ አይገባም የሚል ነበር። ክርክሩ ተቀባይነት አላገኘም፤ እኔም ትክክል ነው እላለሁ። ሕጉ አዲስ ወንጀል አልፈጠረም፣ ቅጣትም አላከበደም፤ አስቀድሞ የተወሰነ ቅጣት የት ሊፈጸም እንደሚችል ነው ያመለከተው።

ይህ ውሳኔ ከመቶ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ለሕግ ሰው የማይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1825 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ጆን ማርሻል፣ አንቴሎፕ በተባለችው የባሪያ ማመላለሻ መርከብ ጉዳይ፣ የማንም አገር ፍርድ ቤት የሌላውን አገር የወንጀል ሕግ እንደማያስፈጽም እንደ ዘበት ጠቅሶ አለፈ። ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ነገሩ ለዘመኑ ሰው ግልጽ ነበርና። መቅጣት የሉዓላዊነት እምብርት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በፍትሐ ብሔር ግን ነገሩ ቀደም ብሎ ላላ። አንድ የውጭ ፍርድ ቤት ነጋዴው ዕዳውን እንዲከፍል ቢፈርድ፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከአንቀጽ 456 እስከ 461 ባሉት ድንጋጌዎች ፍርዱ እዚህ የሚፈጸምበትን መንገድ ዘርግቷል። አመልካቹ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያቀርብ፣ ፍርድ ቤቱ ምን እንደሚመረምር ተጽፏል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን እንዲህ ያለ ምዕራፍ የለውም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ሦስት ነገሮችን እንለይ፤ በየዓመቱ በፈተና ወረቀት ላይ ተደበላልቀው ስለማገኛቸው ነው። ወንጀለኛን አሳልፎ መስጠት ማለት ተፈላጊውን ሰው እንዲዳኝ ወይም ቅጣቱን እንዲፈጽም ለሚፈልገው አገር ማስረከብ ነው። ሰው ወደ ፍርዱ ይሄዳል። የተፈረደበትን ሰው ማዛወር የተገላቢጦሽ ነው፤ በሰው አገር ተፈርዶበት የታሰረ ሰው ቀሪውን ጊዜ በአገሩ እንዲጨርስ ይመለሳል፤ ሰውም ቅጣቱም አብረው ይጓዛሉ። ሦስተኛው የሮቢንሆ ዓይነት ነው፤ ሰውየው ካለበት አይነቃነቅም፣ ቅጣቱ ብቻ ይመጣል። በአማርኛ ሁሉንም «እስረኛ መለዋወጥ» እያልን ስለምንጠራቸው ግራ መጋባቱ አይገርምም። የእስረኛ ልውውጥ ግን የፖለቲካ ስምምነት እንጂ ከሦስቱ አንዱም አይደለም።

በስፋት የሚሠራበት ሁለተኛው ነው። ዩናይትድ ስቴትስ በዚህ ረገድ የመጀመሪያዋን ስምምነት የፈረመችው ከሜክሲኮ ጋር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ ላይ ዋለ። ዓለም አቀፍ መሠረት የሆነው ግን በአውሮፓ ምክር ቤት ሥር በ1983 በስትራስቡርግ የተፈረመው የተፈረደባቸውን ሰዎች የማዛወር ስምምነት ነው። ስሙ አውሮፓዊ ይሁን እንጂ በሩ ለሌሎች ክፍት ስለሆነ ዩናይትድ ስቴትስና ጃፓንን የመሰሉ አገሮች ገብተውበታል። ቅድመ ሁኔታዎቹ ጥቂት ናቸው። ፍርደኛው የተቀባዩ አገር ዜጋ መሆን፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆን፣ በመደበኛው ቢያንስ ስድስት ወር የእስራት ጊዜ መቅረት፣ ድርጊቱ በሁለቱም አገሮች ወንጀል መሆን፣ ሁለቱ አገሮች መስማማት፣ ፍርደኛውም መፍቀድ አለበት።

ፈቃዱ ለምን አስፈለገ? የዝውውሩ ዓላማ ፍርደኛው ወደ ኅብረተሰቡ እንዲመለስ ማገዝ ነው፤ ሳይወድ የተመለሰ ሰው ደግሞ በዚህ ረገድ ብዙ አይጠቀምም። በእኛ አገር ይህን ለማስረዳት ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም። ጠያቂ የሌለው እስረኛ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሑድ ስንቅ ይዛ የምትሰለፍ እናት ወይም እኅት የሌለችው፣ ጠባቂው የሚናገረውን ቋንቋ የማይሰማ፣ የአመክሮ ማመልከቻ በማን ቋንቋ እንደሚጻፍ የማያውቅ ሰው፣ የተፈረደበት አምስት ዓመት ቢሆንም የሚታሰረው ከአምስት ዓመት በላይ ነው። ዳኛው በፍርዱ ላይ ያልጻፈው ተጨማሪ ቅጣት አለበት።

ሆኖም ፈቃድ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ሁልጊዜ አይታይም። የሜክሲኮው ስምምነት ከመጣ በኋላ ወደ አገራቸው የተዛወሩ አሜሪካውያን፣ በሜክሲኮ የተፈረደብን ተሠቃይተን፣ ያለ አግባብ ነው ብለው በአሜሪካ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 በሮሳዶና ሲቪሌቲ ጉዳይ የሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አቤቱታውን ከባድ ነው አለ፤ ነገር ግን ስትዛወሩ ፍርዱን የምትቃወሙት በሜክሲኮ ፍርድ ቤት ብቻ መሆኑን አውቃችሁ ፈቅዳችኋል ሲል ወሰነ። የ1983ቱ ስምምነትም በአንቀጽ 13 ያንኑ ይላል፤ ፍርዱን እንደገና የመመርመር ሥልጣን የፈራጁ አገር ብቻ ነው። እንግዲህ ከመጥፎ ማረሚያ ቤት ለመውጣት የሚፈርም ሰው፣ ከመጥፎ ፍርድ ጋር ለመኖርም እየፈረመ ነው። ይህን ለእስረኛው በሚገባው ቋንቋ ያላስረዳ ባለ ሥልጣን ፈቃድ ተቀብያለሁ ሊል አይችልም።

ቅጣቱ ከደረሰ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። ተቀባዩ አገር የተወሰነውን ጊዜ እንዳለ ሊያስቀጥል፣ ወይም በራሱ ሕግ መሠረት ወደ ራሱ ቅጣት ሊለውጠው ይችላል። ሲለውጥ በፈራጁ ፍርድ ቤት በተረጋገጠው ፍሬ ነገር ይገዛል፤ እስራትን ወደ ገንዘብ መቀጮ ሊቀይር፣ የፍርደኛውን ሁኔታ ሊያከብድ አይችልም፤ የታሰረውንም ጊዜ በሙሉ ይቀንሳል። በቁጥር እንየው። አንድ ሰው በውጭ አገር ሠላሳ ዓመት ተፈርዶበት ስድስቱን ታስሯል እንበል። በእኛ ሕግ የጽኑ እስራት ጣሪያ በመደበኛው 25 ዓመት ነው። ሠላሳው ወደ ሃያ አምስት ቢወርድ ስድስቱ ተቀንሰው 19 ይቀራሉ። ከዚያ የአመክሮ ሕጋችን ይመጣል፤ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ ሰው ሌሎቹን ሁኔታዎች ካሟላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ከ25 ዓመት ሁለት ሦስተኛው 16 ዓመት ከስምንት ወር ነው። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት የተፈረደበት ሰው ከተዛወረ በአሥር ዓመት ከስምንት ወር ውስጥ ደጅ ሊወጣ ይችላል። ፈራጁ አገር ይህን አስቀድሞ አውቆ ከተስማማ ችግር የለውም። ሳያውቅ ከሆነ ግን ተበዳዩ ቤተሰብ ፍትሕ ተሸጠ ማለቱ አይቀርም።

ከዚህ የከፋም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2004 በቡዳፔስት በተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሥልጠና ላይ የነበረው የአዘርባጃን የጦር መኮንን ራሚል ሳፋሮቭ፣ በዚያው ሥልጠና የነበረውን አርመናዊ መኮንን ሌሊት በተኛበት በመጥረቢያ ገደለው። የሃንጋሪ ፍርድ ቤት ሠላሳ ዓመት ሳይታሰር በአመክሮ እንዳይፈታ በማለት የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2012 ሃንጋሪ በ1983ቱ ስምምነት መሠረት ወደ አገሩ አዛወረችው። ባኩ በደረሰበት ቀን በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ተለቀቀ። ከዚያም የሻለቃነት ማዕረግ፣ መኖሪያ ቤትና የታሰረባቸው የስምንት ዓመታት ደመወዝ ተሰጠው። አርሜኒያ ከሃንጋሪ ጋር የነበራትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አቋረጠች።

በዚህ ጉዳይ ላይ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ ይህ ሕገ ወጥ አይደለም ወይ? ፊደሉን ካየን አንቀጽ 12 ፈራጁም ፈጻሚውም አገር በየሕጉ መሠረት ይቅርታና ምሕረት ሊያደርግ እንደሚችል በግልጽ ይላል። በስምምነቱ ጽሑፍ ላይ ብቻ ቆሞ አዘርባጃንን መክሰስ ቀላል አልነበረም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ጉዳዩን የያዘው በሌላ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 2020 በሰጠው ፍርድ፣ መንግሥት በሰው ሕይወት ላይ የተፈጸመን ወንጀል የመቅጣት ግዴታውን እንዲሁም በዘር ላይ የተመሠረተ መድልዎ ያለማድረግ ግዴታውን ጥሷል በማለት አዘርባጃንን ጥፋተኛ አደረገ። ሃንጋሪ ግን ሥርዓቱን ተከትላ አዛውራለች፣ ሰውየው እንደሚለቀቅ በእርግጥ ልታውቅ ትችል ነበር ለማለት ማስረጃው አይበቃም ተብላ ነፃ ወጣች። በእኔ አስተያየት ፍርድ ቤቱ ለሃንጋሪ ቸር ሆኖላታል። ሟቹ ከየት፣ ገዳዩ ከየት እንደሆነ እያወቀች፣ ይቅርታ የሚደረገው በእኔ ስምምነት ብቻ ይሁን የሚል አንዲት ዓረፍተ ነገር በዝውውሩ ሰነድ ላይ ብታስገባ ምን ይጎድልባት ነበር? የሁለትዮሽ ስምምነት የሚያረቅ ሁሉ ከሳፋሮቭ ጉዳይ ሊወስደው የሚገባ ይህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሕግ እንግባ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የውጭ ፍርድን በሁለት ዓይን ያያል። ኢትዮጵያ ዋና የዳኝነት ሥልጣን ባላት ጉዳይ፣ ለምሳሌ አንድ ሰው በውጭ አገር ሆኖ የኢትዮጵያን ገንዘብ አስመስሎ ቢሠራ፣ አንቀጽ 16 የውጭውን ፍርድ አያከብርም። ሰውየው እዚህ ከተገኘ እንደገና ይዳኛል፤ በውጭ ነፃ ቢባልም ይኸው ነው። የሚጠቀመው በውጭ የታሰረው ጊዜ ከአዲሱ ቅጣት እንዲቀነስለት ብቻ ነው። ይህ ድንጋጌ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መከሰስን ከሚከለክለው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትፈልጉ ጥሩ ርእስ ነው።

ኢትዮጵያ ረዳት ሥልጣን ብቻ ባላት ጉዳይ ግን አንቀጽ 20 ፍጹም የተለየ ነገር ይናገራል። ሰውየው በውጭ አገር በሥርዓቱ ነፃ ከተባለ እዚህ አይከሰስም። ተፈርዶበት ቅጣቱን ካልፈጸመ ወይም በከፊል ብቻ ከፈጸመ፣ በይርጋ እስካልታገደ ድረስ ቅጣቱ ወይም ቀሪው እዚህ ይፈጸማል። የቅጣቱ ዓይነት በእኛ ሕግ ከሌለ በጣም የሚቀርበው ቅጣት ይፈጸማል። ይህን ከአንቀጽ 21 ጋር አንብቡት፤ እንደ ብራዚል ሁሉ እኛም ዜጋችንን ለሌላ አገር አሳልፈን አንሰጥም። ስለዚህ በምናብ አንድ ኢትዮጵያዊ በናይሮቢ በውንብድና ተፈርዶበት፣ አምልጦ አዲስ አበባ ቢገባ፣ መልሰን አንሰጠውም፤ እንደ አዲስም አንዳኘውም፤ የኬንያው ቅጣት ቀሪ እዚህ ይፈጸምበታል። ሕጉ በ1949 ዓ.ም. ከወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወረሰው ሐሳብ ነው። በሌላው ዓለም ብዙዎች በስምምነት ያገኙትን መፍትሔ እኛ በራሳችን ሕግ ውስጥ ከስድሳ ዓመት በላይ ይዘነዋል።

ይዘነዋል እንጂ መንገድ አላወጣንለትም። አንቀጽ 20 ቅጣቱ ይፈጸማል ይላል፤ የኬንያን ፍርድ ማን እንደሚቀበል፣ የትኛው ችሎት እንደሚያየው፣ ፍርደኛው ጠበቃ ይዞ ይሰማ እንደሆነ፣ ፍርዱ በሌለበት የተሰጠ ከሆነ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ምዕራፍ የለውም ያልኩት እዚህ ላይ ያማል። ገንዘብ ለማስከፈል ስድስት አንቀጾች ያሉት ሥርዓት፣ ሰውን ለማሰር አንድም የለውም። ክፍተቱን በከፊል በአንቀጽ 22 መሙላት ይቻላል ባይ ነኝ። ያ ድንጋጌ የውጭ ፍርድ ለደጋጋሚነትና ለመሳሰሉት ጉዳዮች ከግምት የሚገባው በመደበኛ እንጂ በልዩ ፍርድ ቤት ያልተሰጠና በእኛም ሕግ ለሚያስቀጣ ድርጊት የተሰጠ ሲሆን ነው ይላል። አንድ ፍርድ የሰውን የቀድሞ ታሪክ ለማሳየት ይህን ያህል መመዘኛ ካስፈለገው፣ ሰውን ወህኒ ለመክተት ከዚህ ያነሰ ሊበቃው አይችልም። ደግሞም «በጣም የሚቀርበው ቅጣት» የሚለው ሐረግ ልክ ሊኖረው ይገባል። ከፈራጁ አገር የመጣው ግርፋት ቢሆን፣ ወደ እስራት መለወጥ ማቅረብ ሳይሆን አዲስ ቅጣት መፍጠር ነው።

ከሌላው ወገን ሆነን ስናየው ደግሞ የእኛ ፍርድ ወደ ውጭ ሲሄድ የገጠመውን እናገኛለን። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ በሌለበት በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። የሚኖረው ግን በአሜሪካ ነበር። የአትላንታ ፍርድ ቤት በ1993 ሦስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ባቀረቡት የፍትሐ ብሔር ክስ ለደረሰባቸው ሥቃይ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወስኖበት ነበር። የኢትዮጵያን የወንጀል ቅጣት ግን አሜሪካ ራሷ አላስፈጸመችም። የተኬደው በስደት ሕግ በኩል ነው፤ ዜግነቱን ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ፤ ቅጣቱም እዚህ ጠበቀው። በጎጃም የደርግ ተጠሪ የነበረው እሸቱ ዓለሙ ደግሞ በሌለበት በኢትዮጵያ ሞት ተፈርዶበት በኔዘርላንድስ በዜግነት ይኖር ነበር። የሞት ቅጣትን ያስቀረች አገር የሞት ፍርድ ልታስፈጽም አትችልም፤ በአገሪቱ ሕግም የውጭ ቅጣት የሚፈጸመው በስምምነት ላይ ሲመሠረት ነው። ስለዚህ የሄግ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ከሀ ጀምሮ ሰማ። በደብረ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገደሉትን ሰባ አምስት ወጣት እስረኞች ጨምሮ በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ብሎት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 2017 የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2022 አጸናው። ከድርጊቱ ወደ አርባ ዓመት ገደማ በኋላ ምስክሮች እንደገና መናገር ነበረባቸው። ፍርዳችን በሌለበት የተሰጠና የሞት ፍርድ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር ብዬ አልምልም፤ ግን የሚጓዝ ፍርድ ለመስጠት የሚፈልግ አገር ተከሳሹን ፊት ለፊት ዳኝቶ፣ ሌላው ሊሸከመው የሚችለውን ቅጣት መወሰን አለበት።

በመጨረሻ በውጭ ስለታሰሩት ወገኖቻችን። እ.ኤ.አ. ሜይ 2018 ሳዑዲ ዓረቢያ አንድ ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ለመልቀቅ መስማማቷ ሲገለጽ ብዙ ቤት እልል ተብሏል፤ ይገባልም። ነገር ግን ያ ይቅርታ እንጂ ዝውውር አይደለም። ይቅርታ የሚመጣው መሪዎች ሲገናኙ ነው፤ እስረኛው ሊጠይቀው የሚችለው ነገር አይደለም። ዝውውር ግን ማመልከቻ አለው፣ መመዘኛ አለው፣ ለምን ተከለከልኩ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 45 አገሮች የዝውውር ስምምነት መዋዋልን እንዲያስቡ ይጋብዛል፤ በአንቀጽ 44 ደግሞ ዜጋ ነው ተብሎ አልተሰጠም የተባለ ሰው ቅጣቱ በአገሩ እንዲፈጸም ማየትን ይጠይቃል። አንቀጽ 20 ደግሞ ሰውየው ሲመጣ ቅጣቱን የምንቀበልበት የሕግ መሠረት ነው። የሚቀረው አንድ የተሰየመ ማዕከላዊ ባለ ሥልጣን፣ አንድ ችሎት፣ የቀጠሮ ጊዜና በእስረኛው ቋንቋ የተዘጋጀ ቅጽ ነው። ረቂቁን እዚሁ ፋኩልቲ ውስጥ መጀመር ይቻላል፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ማመልከቻውን ማን ይቀበላል የሚለው ይሁን። ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።